መዶሻ ያለውና መዶሻ የሌለው

ሰሎሜን ወደ ተኩስ ክበቡ ያመጣቻት ሸዋገነት ራሷ ነበረች። ክበቡ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ሸዋገነት ግን ሰው ሁሉ የረሳው ይመስላት ነበር።

ሸዋገነት አርባ ዓመት አልፏታል። ጀርመን አገር፣ ጊንሃይም በሚባል ሰፈር፣ የቴሌቪዥን ማማው ከኩሽናዋ መስኮት በሚታይበት ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች። ዒላማ ተኩስ ያስጀመሯትም ከእነዚሁ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ የክበቡ አባል ነበሩና አንድ በጋ ለክበቡ በዓል በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወሰደቻቸው። እንግዳ ሁሉ በአየር ጠመንጃ እንዲሞክር ተፈቅዶ ነበር።

«አንቺም ሞክሪ እንጂ» አሏት።

ሞከረች። ሽማግሌው የዒላማውን ወረቀት አስመጥተው አዩና ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን ለቀረበው ሁሉ እያሳዩ «ይቺ የኔ ናት! የኔ ናት የምታጥበኝ!» ይሉ ጀመር። ሸዋገነት ጀርመን አገር ከገባች ጀምሮ ሰው በእሷ ሲኮራ ያየችው ያን ቀን ነው። በሳምንቱ ሄዳ ተመዘገበች።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የእሷ ሆነ። ሽፔትሽሽት፣ የማታው ፈረቃ፣ ከደረሳት ከባልደረባ ትለዋወጣለች፤ እሑድን ትሰጣለች እንጂ ሐሙስን አትሰጥም። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ታክሲ የሚነዳው ይልማ በየሳምንቱ ግቢ ውስጥ ጠብቆ ይይዛታል።

«ሸዋዬ፣ ዛሬስ ታጥቀሽ ነው ወይስ በሰላም ነው የመጣሽው?»

«ላንተ ብዬ ጥይት አላባክንም።»

«ኧረ እንዳታባክኚ! ለኔ ግልምጫሽ ይበቃኛል።»

ሰሎሜ ይህን ስትሰማ ጊዜ ነው የጠየቀቻት። ሰሎሜ ከእሷ በብዙ ታንሳለች፤ ኤርፖርት ውስጥ ዳቦ ትሸጣለች፣ ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ከሌላ ልጅ ጋር ክፍል ተጋርታ ትኖራለች። እንደመጣች ሰሞን ቴርሚን፣ የቢሮ ቀጠሮ፣ ሲኖራት አብራት ቢሮ ለቢሮ የዞረችው ሸዋገነት ነበረች። አሁን ግን የሰሎሜ ጀርመንኛ ቀድሞ ሄዷል። የሸዋገነትን ደብዳቤ የምታነብላት ሰሎሜ ሆናለች።

«እኔኮ ሐሙስ ሐሙስ ስትጠፊ ወንድ ይዘሽ መስሎኝ» አለቻት ሰሎሜ።

«ወንድማ ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት እተወው ነበር።»

«በይ እኔንም ውሰጂኝ።»

ወሰደቻት።

ክበቡ ለአባላቱ የሚያውሳቸው ሁለት ዓይነት የውድድር ሽጉጦች ነበሩት። አንደኛው አሮጌ ነው። ብረቱ ከባድ ሲሆን ከኋላው ትንሽ መዶሻ አለችው። መዶሻዋ ወደ ኋላ ተስባ ትጠብቃለች፤ ጣት ምላጩን ገና ነካ ሲያደርገው ትወድቅና መርፌውን ትመታለች፣ ጥይቱ ይወጣል። ሁለተኛው አዲስና ቀላል ነው፤ መዶሻ የሚባል ነገር የለውም። መርፌው ራሱ በሽቦ ሞላ ተወጥሮ ውስጥ ተቀምጧል። ምላጩ ረዘም፣ ጠንከር ይላል፤ ግን ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጨረሻው ያው ነው፣ አይለወጥም።

ሸዋገነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዘችው አሮጌውን ነበር። መጦሪያው ውስጥ ሰው ከአልጋ ስታነሳ ትንፋሹን እስኪያወጣ ትጠብቃለች፤ ያን ጊዜ ገላ ይቀላል። የምትተኩሰውም እንደዚያው ነው። ትንፋሿን አውጥታ፣ ዝም ብላ፣ እጇ እስኪረጋ ቆማ፣ ከዚያ ምላጩን በጣቷ ነካ ታደርገዋለች። መዶሻዋ የቀረውን ትጨርሳለች።

ሰሎሜ በመጀመሪያው ቀን አዲሱን አነሳች። ማስቲካዋን እያኘከች፣ ገና ክንዷ ሳይቀና ምላጩን እስከ መጨረሻው ሳበችው። ደግማ ሳበችው። አሠልጣኙ ሄር ብራንት በትንሽ ነገር የሚስቁ ሰው አልነበሩም፤ ወረቀቱ ሲመጣ ግን ቀዳዳዎቹን አይተው ፈገግ አሉ። ሸዋገነት ያንን ፈገግታ አየችው። ለእሷ ፈገግ ለማለት አንድ ክረምት ፈጅቶባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ሌላ ነገር ማየት ተወ። ሰሎሜ ዘግይታ ስትመጣ ማንም አይቆጣትም። ሰሎሜ ስትቀልድ የድሮዎቹ አባላት ጠረጴዛ ሁሉ ይስቃል፤ ሸዋገነት ቀልዱ ሲገባት ሳቁ አልቋል። ሰሎሜ ሲደክማት ትታው ትቀመጣለች፤ የሚቆጫት ነገር የለም። ሸዋገነት ቤቷ ስትመለስ ምግቧን ትታ የሰሎሜን ቀዳዳዎች ታስብ ነበር። «ጎበዝ ናት» ብትል ይወጣላት እንደሆነ ብላ አንድ ቀን ለመስተዋቱ ተናገረችው። አልወጣላትም።

ሁለት ነገር ባንድ ክረምት ተገጣጠመ። ሸዋገነት ዓመቱን ሙሉ ሳታቋርጥ ስለተለማመደች፣ ፈተናውንም ስላለፈች፣ አንድ የራሷ ሽጉጥ እንድትገዛ ፈቃድ አገኘች። ፈቃዱ ለአንድ ብቻ ነው፤ ወይ መዶሻ ያለውን ወይ የሌለውን መምረጥ አለባት። በዚያው ወር ከክበቡ ቡድን አንድ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ሄደና ቦታው ክፍት ሆነ። ሄር ብራንት ሁለቱን ሴቶች ጠርተው መጋቢት ላይ አስተኩሰዋቸው የተሻለችውን እንደሚወስዱ ነገሯቸው። ቡድኑ ስሙ የተጻፈበት አረንጓዴ ጃኬት አለው። ሸዋገነት ያንን ጃኬት ለብሳ መጦሪያው በር ላይ ስትገባ፣ ሽማግሌው ወንበራቸውን አዙረው ሲያዩዋት ታልማለች።

ከልምምድ በኋላ ወደ ባቡር ሲሄዱ ሸዋገነት ነገሩን ለሰሎሜ ወረወረችው።

«እንግዲህ ልገዛ ነው። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትገዢያለሽ?»

«እኔማ ያለ ጥርጥር አዲሱን።»

«እና ለኔስ?»

«ላንቺ አሮጌው ነው የሚሆነው» አለች ሰሎሜ ሳታስብ።

«ለምን?»

«አንቺ ትጠብቂያለሻ! እኔ ምኑንም አልጠብቅም፣ ስቤ መገላገል ነው። አዲሱ ለሚጠብቅ ሰው ምላጩ ይረዝማል፣ መሃል ላይ ያሰለቻል። እመኚኝ ሸዋዬ፣ መዶሻሽን እንዳትለቂ።»

«እሺ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሸዋገነት።

ባቡር ውስጥ ሰሎሜ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሸዋገነት ነቅታ ነገሩን ታኝክ ነበር። ለራሷ አዲሱን፣ ለእኔ አሮጌውን። ለራሷ ያለ ጥርጥር፣ ለእኔ እንዳትለቂ። እኔ በእጇ ያለውን ከያዝኩ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ፈርታለች። ሰው መልካም ነገር ሲያገኝ ለጎረቤቱ ቦታውን አያሳይም፤ እናቷ ስንት ጊዜ ነግራታለች? ያሰቡትንም ሳይጨርሱ ማውራት ዓይን ያስበላል። ሰሎሜን የጠየቀቻት ምክር ለመቀበል ሳይሆን ምስጢር ለማውጣት እንደነበር፣ ምስጢሩም እንደወጣ ወሰነች።

ለማንም ሳትናገር ሱቅ ሄደች። ሻጩ አዛውንት ነበር፤ ሁለቱንም መስተዋት ላይ አስቀመጠላት። መዶሻ ያለውን ስታነሳ እጇ ወዲያው ቤቱን እንዳገኘ ሰው ተረጋጋ።

«ይሄ የተስማማዎት ይመስላል» አላት።

«ያኛውን ነው የምወስደው» አለችው።

ለሁለት ወር ያህል ሐሙስን ትታ ሰሎሜ በማትመጣበት ቀን እየሄደች ተለማመደች። ምላጩ ይረዝማል። ትንፋሿን አውጥታ ትጠብቃለች፣ ይረዝማል፤ ትንሽ ትገፋለች፣ አሁንም አለ፤ በመጨረሻ ተናዳ ስትስበው ጥይቱ ከታች ወደ ግራ ይሄዳል። እንደ ሰሎሜ ሳትጠብቅ ለመሳብ ሞከረች፤ ከወረቀቱ ውጪ መታች። ሰሎሜ እንዴት ነበር የምትቆመው? ማስቲካ ገዝታ አፏ ውስጥ ከተተች። ከዚያም አፈረችና ተፋችው።

ሄር ብራንት አንድ ቀን ከኋላዋ ቆመው አዩአት።

«ይህን ማን አስገዛሽ?»

«ራሴ ነኝ የመረጥኩት።»

«አንቺ አልመረጥሽውም» አሉና ሄዱ።

መጋቢት ገባ፤ ቀኑ ደረሰ። ሰሎሜ ቀድማ ገብታ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቷ። የሸዋገነትን ሳጥን አየችና ጮኸች።

«ገዛሽ እንዴ? ጉድ! መቼ? ለኔ ሳትነግሪኝ?»

«ይሳካ ብዬ ነው።»

«ክፈቺዋ!» ሸዋገነት ስትከፍተው ሰሎሜ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «አዲሱን ነው እንዴ የገዛሽው?» አለች። ፊቷ ላይ ቁጣም ፍርሃትም አልነበረም። የነበረው ግራ መጋባት ብቻ ነው፤ ሸዋገነት ደግሞ ይሄንን ነበር ያልጠበቀችው። ይህች ልጅ ቦታዋን የምትጠብቅ ሰው ፊት የላትም። ያን ቀን በባቡር መንገድ ላይ የነገረቻት የምታምነውን ነበር። የሸዋገነት ንዴት ግን አልቀነሰም። ልጅቷ ልክ መሆኗ ይበልጥ አናደዳት።

ተራዋ ሲደርስ ሁለት መንገድ ብቻ ነበራት። የራሷን ይዛ መሸነፍ፣ ወይም ሰሎሜ እያየቻት የክበቡን አሮጌ ሽጉጥ መለመን። ጃኬቱን አሰበች። ሳጥኗን ዘጋችና ወደ ሄር ብራንት ሄደች።

«አሮጌውን ልዋሰው?» አለች። ድምፅዋ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ የምትገባ ሴት ድምፅ ነበር።

ሄር ብራንት ቁልፋቸውን አወጡና አሮጌውን ሰጧት። ሰሎሜ ከኋላ «ጎበዝ! እሱን ነዋ!» አለች። ሸዋገነት ጆሮ መከላከያዋን አጠለቀች፤ ያንን ድምፅ ላለመስማት ቸኩላ ነበር።

ትንፋሿን አወጣች። ጠበቀች። መዶሻዋ ወደ ኋላ ተስባ አብራት ጠበቀች። ምላጩን ነካ አደረገች። ከዚያ በኋላ ስለ ሰሎሜ አላሰበችም፤ ያን ሁሉ ክረምት ያላሰበችባቸው ደቂቃዎች እነዚያ ብቻ ነበሩ።

ሰሎሜ የክበቡን አዲሱን ይዛ በቀስታ በሚተኮሰው ዙር እኩል ወጣች፤ በፍጥነት በሚተኮሰው ዙር ግን ቸኩላ አንድ ጥይት አመለጣት። ሄር ብራንት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው ደጋግመው አዩና የሸዋገነትን ስም ጠሩ። ሰሎሜ እልል አለች። የድሮዎቹ አባላት ደንግጠው ከቢራቸው ቀና አሉ። ሰሎሜ ሸዋገነት አንገት ላይ ተጠምጥማ ጉንጯን ሳመቻት።

«አላልኩሽም? አላልኩሽም ሸዋዬ?»

«ብለሽኛል።»

«አሁን ያንን አዲሱን አንድ ጊዜ ልሞክረው? አንድ ካዝና ጥይት ብቻ፣ በሞቴ!»

እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች። ሰሎሜ ማስቲካዋን እያኘከች ቆመች፤ ሽጉጡ ለሁለት ወር በሸዋገነት እጅ ሲያጉረመርም እንዳልነበረ ያለ ማቋረጥ ተኮሰ። ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ መሃል ላይ፣ በአንድ ጡጫ ሊሸፈኑ በሚችሉበት ቦታ ተሰብስበው ነበር። ሄር ብራንት ወረቀቱን አንስተው ፈገግ አሉ። የቡድኑ ጃኬት ግን ለሸዋገነት ተሰጥቷት ነበር፤ ገና ሰማያዊ ላስቲኩ ውስጥ እንደታጠፈ ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል።

«ውይ፣ ይሄ ነገር ቅቤ ነው!» አለች ሰሎሜ። «ስሚኝ፣ እኔም ፈቃዴ በቅርብ ይደርሳል። አንቺ አትጠቀሚበትም፤ ለኔ ሽጪልኝ።»

ሸዋገነት ሽጉጡን ከእጇ ተቀበለች። ባዶ መሆኑን አየች፣ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛችው፣ ቆለፈችው።

«ለሌላ ሰው ቃል ገብቻለሁ» አለች።

«ለማን?»

«አታውቂውም።»

«እድለኛ ነው» አለች ሰሎሜ፤ ትከሻዋን ነቅንቃ ካፖርቷን ለመልበስ ሄደች።

ሸዋገነት ጃኬቷን ለብሳ ቡድኑ ውስጥ ለሁለት ዓመት ተኮሰች፤ ሽማግሌውም በሕይወት ሳሉ አዩአት። ሰሎሜ ፈቃዷ ሲደርስ ከሱቅ ሌላ ገዛች። የሸዋገነት አዲሱ ሽጉጥ ግን ጊንሃይም ቤቷ፣ ብረት ካዝናው ውስጥ ተቀምጧል። አትተኩስበትም፤ ገዢ ሲመጣም «ተሽጧል» ትላለች።