በባቡር የተላኩ ልብ ወለዶች

ድሬ ዳዋ ላይ ዘይቱን ሲበስል ሽታው ከሰው ቀድሞ ቤት ይገባል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሻጭ ቅርጫቷን ደጃፌ ላይ ስታሳርፍ ያ ሽታ መጣና መጋላ ሰፈር፣ የድሮው ግቢያችን ዘይቱን ዛፍ ሥር ወስዶ አስቀመጠኝ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጭኔ ላይ አስተማሪዬ ለሳምንት ያዋሰችኝ ልብ ወለድ ተዘርግቶ ነበር።

ያኔ ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ይቆማል፣ የሚሰማው በሙቀት የሚንጣጣው ቆርቆሮ ብቻ ነው። የእኛ ግቢ ሴቶች ግን አይተኙም። እናቴ ምስር ትለቅማለች። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ በእጅ በምትዞር የስፌት መኪናዋ ቀሚስ ትሰፋለች። ሁላችንም አዴ የምንላት አከራያችን ምንጣፏን አንጥፋ ትጋደማለች። ሦስቱም ፊደል አልቆጠሩም። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይፈርዳሉ።

መጽሐፉ የሚያሳዝን ነበር። አንድ ወጣት የሚወዳትን ልጅ በደብዳቤ ላግባሽ ይላታል። እሷም ትወደዋለች፤ ግን ቶሎ እሺ ማለት አሳፍሯት ዝም ትላለች። እሱ ተስፋ ቆርጦ አገር ጥሎ ይሄዳል። ልጅቷ ታማ ከሞተች በኋላ ነው ያልተላከው መልሷ ከትራሷ ሥር የሚገኘው።

«ጥፋቱ የልጁ ነው» አለች እናቴ። «አንዴ ጠይቆ ይኬዳል እንዴ?»

«አይ አቦ» አለች አዴ፣ «ልጅቷ ምላስ የላትም? ወላሂ እኔ ብሆን በሩ ላይ ሄጄ ነበር የምቆመው።»

አክስቴ የመኪናዋን እጀታ ማዞር አቁማለች።

የመጨረሻዋን ገጽ ስጨርስ አራታችንም እናለቅስ ነበር። ልክ በዚያ ሰዓት አባቴ ከባቡር ጋራዥ ገባ። አየንና ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ማን ሞተ?»

«ልጅቷ» አለች አዴ፣ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች።

«የማን ልጅ?»

«የመጽሐፉ።»

አባቴ ባርኔጣውን መልሶ ደፋና «እናንተን ብሎ አልቃሽ» ብሎን ወጣ። በማግስቱ ግን ቀደም ብሎ መጣ፤ ጫማ የሚጠግን መስሎ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ቀና ሳይል፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለኝ።

አክስቴ ክፍሏ የጠራችኝ በዚያው ቀን ነው። ከጨርቅ ሣጥኗ ሥር አንድ ደብዳቤ አወጣች። አውቀዋለሁ፤ ከሁለት ወር በፊት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። በጅቡቲ ጠረፍ ደወሌ ባቡር ጣቢያ የሚሠራ የአባቴ ጓደኛ ላግባሽ ብሎ የላከው ነው። ያኔ «ይቆይ፣ ትንሽ ይለምን» ብላ አጥፋ አስቀምጣው ነበር።

«እንደዚያች ልጅ አልሙት እንግዲህ» አለችኝ። «ወረቀት አምጪ። ይምጣ ብለሽ ጻፊ።»

«ሌላስ?»

አሰበች። «ቶሎ።»

ሰውየው በሦስተኛው ቀን ከባቡር ወረደ። በሠርጉ አዴ ያጋባኋቸው እኔ ነኝ እያለች ለእንግዳው ሁሉ ስታወራ ዋለች፤ እኔም፣ ልጅ ነኝና፣ መጽሐፉ ስሙ ሳይነሳ መቅረቱ አናዶኝ ጥግ ይዤ አኮረፍኩ።

ለገሃር ባቡር ጣቢያችን ስንሸኛቸው አክስቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «የሚያሳዝን ስታነቢ ጻፊልኝ። እሱ ያነብልኛል» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። ያነበብኩትን ልብ ወለድ ሁሉ አሳጥሬ እየጻፍኩ ለባቡር ሠራተኞች እሰጣለሁ። መልሱ በባሏ የእጅ ጽሕፈት ይመጣል፤ እሱም ከታች የራሱን ይጨምርበታል፦ «አክስትሽ ወጣቱን ሰው አይደለም ትላለች። እኔ ግን አዝንለታለሁ። ይህን መጻፌን አልነገርኳትም።» ግቢ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነበው አዴ ከአክስቴ፣ አባቴ ከባልየው ወግነው እስኪመሽ ይከራከራሉ። እንደዚያ የሳቅንበት ዘመን ትዝ አይለኝም።

ከዓመት በኋላ ፊደሉ ባቄላ የሚያህል፣ መስመሩ ወደ ታች የሚንሸራተት ደብዳቤ መጣ። «ባሌ ሥራ ላይ ነው» ይላል። «እስኪመጣ መጠበቅ አቃተኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ግን የላክሽውን ራሴ አንብቤ ጨረስኩት። ልጅቷን ለምን ገደልሻት? እህቴን ሳሚልኝ።»

ባሏ ሲያስተምራት ከርሞ ኖሯል።

እናቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ረጅም ጊዜ አየችው። «እህቴ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈችና ሳታነሳው ቆየች። ከዚያ በኋላም እህቷ ስትናፍቃት ደብዳቤውን ከሣጥን አውጪልኝ ትለኝና ጣቷን እዚያው ታሳርፍ ነበር።

አሁን እናቴም አክስቴም የሉም። ደብዳቤው አለ። አንዲት ቃል ላይ ብቻ ቀለሙ ከሌላው ይልቅ ደብዝዟል።