የኦምዱርማኑ ልብስ ሰፊ ሕመም

ካርቱም ስኖር አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር የሰው ቤት እሠራ ነበር። አርብ ዕረፍቴ ስለሆነ በሐፍላ፣ በዚያ ጠባብ ሚኒባስ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን እሄዳለሁ። ገበያው ዳር አንድ ያገራችን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው። ቀሚሳችንን እየለኩ በሳቅ ይገድሉን ነበር። ያ ሳቅ አሁንም ይናፍቀኛል።

አንድ ዓመት ግን ጋሼ ተለወጡ። ስፌታቸው ይጣመም፣ ሲራመዱም እግራቸው መሬቱን ይደበድብ ጀመር። አንድ አርብ «ናይል ዳር ቪላ ገዛሁ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ባለቤታቸው «የሰው ዓይን ነው» ብላ አለቀሰች።

አረብኛ ስለምችል ከእመቤቴ ፈቃድ ጠይቄ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሱዳናዊት ነበረች። ዓይናቸው ላይ ባትሪ ስታበራ ብሌናቸው አልጠበበም፤ ጣቷን ወደ አፍንጫቸው ስታቀርብ ግን ጠበበ። ቀጥላ እግራቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲቆሙ አዘዘች። ወዲያው ተንገዳገዱ፤ ደግፌ ያዝኳቸው።

«ያላ፣ ጠይቂልኝ» አለችኝ፤ «በወጣትነታቸው ብልታቸው ላይ ቁስል ወጥቶባቸው ያውቃል?»

ፊቴ ጋለ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ወለል ወለሉን እያየሁ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወታደር ሳለሁ ነው ልጄ» አሉ። «ራሱ ሲድን ረሳሁት።»

ደማቸው ተመረመረ፤ ከወገባቸውም በመርፌ ፈሳሽ ተወሰደ። ቂጥኝ ነበር። ሳይታከም ተደብቆ ኖሮ ነርቫቸውንና አንጎላቸውን ነክቷል። «መድኃኒት አለው» አለች ሐኪሟ፤ «የተጎዳው ሁሉ ግን ላይመለስ ይችላል። ሚስታቸውም ትመርመር።»

ጋሼ ለባለቤታቸው እንድነግርላቸው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ፤ ራሳቸው ነገሯት። ሦስት ቀን ዞር ብላ አላየቻቸውም። በአራተኛው ሾርባ ይዛ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። እሷ ተመርምራ ነጻ ሆና ተገኘች።

ሁለት ሳምንት ፔኒሲሊን በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። ቀስ በቀስ ስለ ቪላው ማውራት ተዉ፤ ስፌታቸውም ቀና። እግራቸው ግን ከምርኩዝ አልተላቀቀም። ካርቱምን ከመልቀቄ በፊት በነበረው አርብ ገበያ ውስጥ አየኋቸው፤ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዛ፣ በጨርቅ ቀለም ሲከራከሩ። ጠርቼ ላቋርጣቸው አልፈለግሁም፤ ቆሜ አየኋቸው።