ትኩስ ታምቡር

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የሚገኝ ጋራዥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ አለቃዬ ጋሽ ነጂብ ካቻቢቴ ሰጡኝና «የኋላውን ፍሬን አጀስት አድርግ» አሉኝ። ከከምባታ ከመጣሁ ወር አልሞላኝም፤ ከማሽን የማውቀው የእህል ወፍጮ ብቻ ነበር። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። መኪናው ሥር ገብቼ፣ ጎማው አልዞርም እስኪል አጠበቅኩት።

ጋሽ ነጂብ ጎማውን ሊያዞሩት ሞክረው እምቢ ሲላቸው ሳቁ። «ወላሂ ይሄ መኪና መሆኑ ቀርቶ ቤት ሆኗል! ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ ማጥበቅማ ማንም ያጠብቃል። አጀስት ማለት አጥብቀህ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሸራው ታምቡሩን ይጠጋው እንጂ አይያዘው።» ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው። ሸራው ከውስጥ ይፈትገውና መኪናውን ያቆመዋል።

አጀስት የፈረንጅ ቃል ናት፤ ጅማ ውስጥ ግን መታወቂያ አውጥታለች። ፍሪሲዮን አጀስት ይደረጋል፣ ቫልቭ አጀስት ይደረጋል፣ መስታወትና ወንበርም እንዲሁ። ኑሮ እንዴት ነው ሲሉት «አጀስት እያረግን ነው» የሚል ሞልቷል። እኔን የምታናድደኝ ሹፌሮች ሲጠሯት ነው። ሸራው አልቆ መቀየር ሲገባው «አጀስት አርግልኝና ልሂድ» ይሉኛል። ያለቀ ነገር አጀስት አይሆንም።

ጋሽ ነጂብ እጄን ካመኑ በኋላ ሰኮሩ ላይ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ከሰኮሩ አልፎ መንገዱ ወደ ጊቤ ወንዝ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱን የሚያውቅ ሹፌር እኔ ዘንድ ሳይቆም አያልፍም። አንድ ልማድ አለን። ድልድዩን ሲሻገሩ ይደውሉልኛል። «ተሻገርኩ» ይላሉ፤ ሌላ ወሬ የለም። ያቺን ቃል እስክሰማ እህል አይወርድልኝም። ባለቤቴ «ያገባኸው እኔን ነው ስልኩን?» እያለች ትቀልድብኛለች። ቀልዱ አያስቀኝም።

የሰርቦው አብዱ ቡና ጭኖ የመጣ ቀን ታምቡሮቹ ገና ከሩቅ ይሸቱ ነበር። አብዱ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው፤ ልቡ ግን ከመኪናው ቀድሞ ይሄዳል።

«ኤርሚ፣ ፍሬኑ ወደ ታች ወርዶብኛል። ቶሎ አጀስት አርግልኝ።»

«ይቀዝቅዝ።»

«ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ካላራገፍኩ ተራዬ ያልፋል እኮ!»

«ትኩስ ታምቡር አልነካም፣ አብዱ። ሲግል ይሰፋል። እንደሰፋ ካጠበቅኩት፣ ሲቀዘቅዝ ይጠብና ሸራውን ይጨብጣል። ሳትረግጠው እየፈተገ ይግላል፤ ቁልቁለቱ ላይ አልይዝም ይልሃል።»

«እጅ እኔም አለኝ» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ተቆጥቼ ነበር፤ መኪናው ከዓይኔ ሲጠፋ ግን ንዴቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ብደውል አያነሳም።

ለካስ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ትኩሱን ታምቡር ራሱ አጥብቆታል። ከዚያ ምሳ ሊበላ ተቀመጠ። ለእኔ የነፈገኝን ጊዜ ለምሳው ሰጠው! እሱ ሲበላ ታምቡሩ ቀዘቀዘና ሸራውን ጨበጠ።

ስልኩ ሲጮህ «ተሻገርኩ» የሚለኝ መስሎኝ ነበር። «ኤርሚ፣ አበልቲ ነኝ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ። ጎማው ይጨሳል! ውሃ ላፍስበት?»

«እንዳትነካው! ታምቡሩ ይሰነጠቃል። ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባና ራቅ በል።» ካቻቢቴና ክሪክ ይዤ በሞተር ከነፍኩ። መንገዱን ሁሉ ስጸልይ ነው የሄድኩት።

አብዱ የውሃ ጀሪካኑን ታቅፎ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ልቆጣው ያሰብኩትን ሰውዬ ቆሞ ሳየው ከነጀሪካኑ አቀፍኩት። ታምቡሩ በእጅ እስኪነካ ጠበቅን። ሸራዎቹን አየሁ፤ ደህና ናቸው። በየጎማው አጠበቅኩ፣ መለስኩ። «አለቀ፣ ቁልቁለቱን ውረድ» አልኩት።

«አንተም ግባ።»

«የት?»

«ጋቢና ነዋ። አልቋል አላልክም?»

ሞተሬን ለማን ልተው አልኩ። አንድ የመንደሩ ሽማግሌ «እኔ እጠብቅልሃለሁ» ብለው ሰበቤን ቀሙኝ። ስንት ሰው በእጄ ሥራ ያንን ቁልቁለት ወርዷል፤ እኔ አንድም ቀን ወርጄው አላውቅም። ወደ ጋቢናው በር ሄድኩና ተመለስኩ፤ ጃኬቴን አውልቄ መኪናው ሥር እንደገና ገባሁ። የጨረስኩትን ሁሉ፣ አንድም ጎማ ሳላልፍ፣ እንደ አዲስ ፈተሽኩ። ከዚያ ጋቢና ገባሁ።

አብዱ «ቢስሚላህ» ብሎ በከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ጀመረ። እኔም «ጌታ ሆይ» አልኩ። በየመታጠፊያው «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ» እለዋለሁ። ፍሬን በረገጠ ቁጥር የእኔም እግር ወለሉን ይረግጣል። ሽታ ሲመጣልኝ አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ፤ የሣር ቃጠሎ ነው። ፍሬኑ ያዘ።

ድልድዩን እንዳለፍን አብዱ ዳር ይዞ ቆመ። «በል፣ ደውል» አለኝ።

«ለማን?»

«ለምትጠብቅህ ነዋ።»

ባለቤቴ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። «ተሻገርኩ» አልኳት። «እህል ሊወርድልኝ ነው እንግዲህ» አለች።

ከኋላዬ ለምትመጡ መካኒኮች የማውቀው ይህን ነው። ታምቡር ሳይቀዘቅዝ አይነካም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ጋቢና ውስጥ የምትቀመጡት እናንተ እንደሆናችሁ ቁጠሩና፣ መኪናው ሥር አንዴ ተመልሳችሁ ግቡ።