በቀሐ ዳር የነበረው ሜዳችን

ትናንት በአንድ ጫማ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ሞራ የተቀባ ቆዳ ሸተተኝና ቆም አልኩ። ኳሳችንን ሞራ እየቀባን የምናለሰልስበት ዘመን ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ገና ሃያ አልሞላኝም፣ ለከተማችን ቡድን በቀኝ ክንፍ እጫወት ነበር።

የመጀመሪያው ሜዳችን በቀሐ ወንዝ ዳር የአንድ አዛውንት ገበሬ መሬት ነበር። መጀመሪያ ቀን በዱላ አባረሩን። አምበላችን ግን ተመልሶ ለመናቸው።

"አያ፣ የምንጫወተው ሣሩ ከታጨደ በኋላ ብቻ ነው።"

"እስቲ ተጫወቱ፣ ልየው" አሉ።

አዩት፤ በዚያው ተመልካች ሆነው ቀሩ። ባለቤታቸው ቢያጉረመርሙም፣ እሳቸው ለእኛ ሲሉ መሬቱን ለዓመታት ሳያርሱ ተዉት። ማታ ማታ ፀሐይዋ በታጨደው ሣር ላይ ስትተኛ፣ ወንዙ ሲሸት፣ ከሩቅ ደወል ሲሰማ እሳቸው ድንጋያቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ "ምነው ልጄ፣ ዓይንህ የት ነው!" እያሉ ይጮሁብኝ ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም መንገድ ላይ ዘወር ያሰኘኛል።

ከዚያ ከተማው ውስጥ አጥርና የብረት በር ያለው አዲስ ሜዳ ተሠራልን። የመክፈቻው ግጥሚያ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ሁለት ለአንድ አሸነፍን። እኔ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ሕዝቡ መሃል እሳቸውን ስፈልግ ነበር። ለካ ጋቢያቸውን አሳጥበው መጥተው ኖሯል። ዘበኛው፣ "ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ብሎ በር ላይ መለሳቸው። ያለ ዱላ ከቤት ወጥተው እንደማያውቁ ማን ይንገረው? እኛ ውስጥ ሆነን ጫማ እናስር ነበር።

ከጨዋታው በኋላ ይህን ከተመልካቾች ስንሰማ አምበላችን ኳሷን አንስቶ ወጣ። ማልያችንን ሳናወልቅ ተከተልነው። ቀሐ ስንደርስ አዛውንቱ በሬዎቻቸውን ጠምደው የሜዳውን አንድ ጎን አርሰውታል። አዲስ የተገለበጠ አፈር ይሸታል።

"አያ፣ ሜዳችንን?" አልኩ።

"እናንተ ከሄዳችሁ ምን ላድርግበት?"

አምበላችን ጉልበታቸውን ሳመ። "የበሩን ነገር አልሰማንም ነበር" አለ።

"እሱን ተወው። ይልቅ እንዴት እንዳሸነፋችሁ አሳዩኝ።"

በሬዎቹን ፈቱ። እኛ በትልሙ ላይ፣ ጫማችንን አውልቀን በባዶ እግራችን፣ እየተንከባለልን ጎሎቹን አንድ በአንድ ደገምንላቸው። ሁለተኛውን ሳገባ፣ "ሸጋ! ሸጋ!" ብለው አጨበጨቡ። እስኪመሽ ተጫወትን። በማግስቱ የቀረውን አረሱት።

አዲሱ ሜዳ አንድ ቀንም አልመጡም፤ ዘበኛውን አስፈቅደን ብንጠራቸውም እንቢ አሉ። በታኅሣሥ ግን፣ በአንድ ግጥሚያ አጋማሽ ለዕረፍት እንደወጣን፣ ልጃቸውን አንድ እቅፍ እሸት ሽምብራ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት።

"አባቴ ከሜዳችሁ ነው በያቸው ብሎኛል" አለች።

አጥሩን ተደግፈን በላነው።