ወደ ድንኳኔ የመጡ ለቀስተኞች

ባለቤቴና እኔ አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር የድንኳን ካስማ ማጠብ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ብቸና ባለው ግቢያችን ቧንቧው አጠገብ ተቀምጠን፣ እኔ ጭቃውን በብሩሽ ሳስለቅቅ እሱ የጎበጡትን በድንጋይ እየመታ ያቃናል። «በሚመጣው ወር ያቺን ሜዳ እናድርባት» አለኝ። አብረን አይተናት፣ ብርዱ ከብዶን ሳናድርባት የተመለስነውን ሜዳ ማለቱ ነው። «መጀመሪያ ብርዱ ይቀንስ» አልኩት። ሌላ የተነጋገርነው ትልቅ ነገር የለም። በዚያው ሳምንት ደም ግፊቱ ድንገት ተነሥቶበት ሆስፒታል ሳይደርስ ዐረፈ።

የምጽፈው ግን ስለ ሞቱ አይደለም። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ያቺን ሜዳ ብቻዬን ሄጄ ስላደርኩባት ቀን ነው። ያ ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ደንግጬ፣ አልቅሼ፣ አፍሬ፣ ስቄም አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ልማዳችንን ላስረዳ። ባለቤቴ የገጠር ምንጮችን እየዞረ የሚጠግን የውሃ ባለሙያ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ። ከሥራ ሲመለስ አንዳንዴ «ዛሬ አንድ ቦታ አየሁ» ይለኛል። ቅዳሜ ሲደርስ ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን እንወጣለን፤ አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድረን እሁድ እንመለሳለን። ጎረቤቶቻችን «ቤት እያላችሁ ሜዳ ላይ ምን አሳደራችሁ?» እያሉ ይሥቁብን ነበር። አንድ ጊዜ ደጀን ወርደን ዓባይን ቁልቁል እያየን አድረናል። ከዚያ ውጭ ሩቅ አልሄድንም። ለሩቁ መንገዱም አይመችም፤ ጥሩ ማደሪያ ደግሞ ከቤት ቅርብ ሞልቷል። እሱ ይህን አጥብቆ ያምን ነበር፤ እኔም አምናለሁ።

ቦታ መምረጥ እችላለሁ። ብዙ ሰው ውሃ ዳር መተኛት ያምረዋል። እኔ ውሃው ከሚሰማኝ ቦታ ትንሽ ከፍ ብዬ ነው የማድረው፤ ሌሊት ቅዝቃዜው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳልና። የደረቀ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ዛፍ ጥላው ቢያምርም ሥሩ አልተክልም። ከብት የሚነዳበትን መንገድ ከእበቱ እለየዋለሁ። ከሰው ማሳ እርቃለሁ።

እሱ ከሞተ በኋላ ሞጣ ያለችው ታላቅ እኅቴ፣ ቤቴን አከራይቼ እሷ ጋ እንድገባ ትወተውተኝ ጀመር። «ብቻሽን ተቀምጠሽ ግድግዳ ልታናግሪ ነው?» ትለኛለች። ክፋት የላትም። እኔም ማታ ማታ በሩን ስዘጋ ልቤ እየከበደኝ መጥቶ ነበር። በመጨረሻ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። ያቺን ሜዳ ሄጄ ብቻዬን አንዲት ሌሊት ካደርኩባት ብቸና እቀራለሁ። ፈርቼ ከተመለስኩ ለእኅቴ እሺ እላታለሁ። ውሳኔዬን ለማንም አልተናገርኩም።

ጥምቀት አልፎ፣ እህሉ ተሰብስቦ፣ መሬቱ ደርቋል። ፍራሹን ሁልጊዜ የሚሸከመው እሱ ነበር። መያዣ ላስቲኩ ተቀዶ ስላገኘሁት ቤት ውስጥ የነበረ አዲስ ሰሌን አወጣሁ። ብርድ ልብሴን፣ ድስቴንና ስንቄን ፍራሹ መሐል አድርጌ በቁመቱ ጠቀለልኩት፤ በሰሌኑም ሸፍኜ ሁለቱን ጫፍና ወገቡን በገመድ አሰርኩት። አስተሳሰሬ ጥሩ ሆኖልኝ ኮርቼም ነበር። ልብሴ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው።

ወደ ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መውረጃዬ ሩቅ አይደለም። የቦታውን ስም አልጽፍም፤ ስስት ነው፣ ሰው እንዳይበዛባት። ረዳቱና አንድ ተሳፋሪ ጥቅልሉን ከጣሪያው ላይ ተጋግዘው አወረዱልኝና ሄዱ።

ሻንጣዬንና ድንኳኑን አዝዬ፣ ጥቅልሉን በገመዱ እየጎተትኩ ቁልቁል ወደ ሜዳዋ ወረድኩ። ሲደክመኝ አጠገቡ እቀመጥና እጄን ደገፍ አድርጌበት ላቤን በነጠላዬ እጠርጋለሁ። ከታች ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። እጄን አወዛወዝኩላቸው። አልመለሱልኝም። አንደኛዋ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆመች። ፀሐዩ ይሆናል አልኩ።

ድንኳኑን ተከልኩ። ዝናብ ስለሚያስገባ የብቸና ልብስ ሰፊ ከላይ ነጭ ሸራ ሰፍቶለታል። ጥቅልሉን ሳልፈታ ጎትቼ አስገባሁና በሩን ዘግቼ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ሜዳዋ ከባለቤቴ ጋር እንዳየኋት ነበረች፤ ሳሯ አጭር፣ ነፋሷ ለስላሳ፣ ውሃዋ የሚሰማ። አገጬን በእጄ ደግፌ ማዶውን አያለሁ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» ብለው ሳሩ ላይ ተቀመጡ።

«አሜን፣ አባባ» አልኩ። እንዴት አወቁ ብዬ ገረመኝ። ከዚያ ገባኝ። ባለቤቴ ያልዞረበት ቀበሌ የለም፤ የእነሱንም ምንጭ ጠግኖላቸው ይሆናል። ሽማግሌው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ያን ሳይ እኔም አለቀስኩ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከወንዙ ወጡ። ከቤትም ሌሎች ተጨመሩ። «ወይኔ እኅቴን! ወይኔ በሰው አገር!» እያሉ ከበቡኝ። ብቸና ላይ ባለቤቴ ሲቀበር ሰው ሁሉ መጥቶልኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ግን እንባዬ እምቢ ብሎኝ እንደ እንግዳ ነው የተቀመጥኩት። እዚህ ከማላውቃቸው ሰዎች መሐል ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ።

ቀና ስል ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየሁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩ።

ሽማግሌው ተነሡ። አያ ይበልጣል ይሏቸዋል። «በይ ልጄ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤተ ክርስቲያን እናድርሰው። ለቄሱ ተነግሯቸዋል። እዚህ ማደር የለበትም፤ ጅብ አለ።»

«ማን ነው የማያድረው?»

«አስከሬኑ ነዋ!»

ሁሉም ድንኳኔን ያያሉ። እኔም ዞሬ አየሁት።

«አባባ፣ እዚህ አስከሬን የለም።»

«አትፍረዱባት፤ ድንጋጤው ነው» አለች አንዲት ሴት በለሆሳስ።

እጇን ራሷ ላይ ጭና የነበረችው አጣቢ ግን ወደ ፊት ወጣች። «በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት! በሰሌን ጠቅልላ፣ ሦስት ቦታ አስራ፣ እየጎተተች አመጣችው! ሲደክማት አጠገቡ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር!»

ሰሌን ስትል ነገሩ በራ። እኛ አገር በሰሌን ተጠቅልሎ የሚታሰረው ማን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ስጠቀልልም ሳስርም አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ገብቼ ጥቅልሉን ጎትቼ አወጣሁት። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ጎረምሳ አማተበ። ገመዱን ስፈታው ፍራሹ ተዘረጋና ድስቴ ተንከባልላ አያ ይበልጣል እግር ሥር ቆመች። ዳቦውም ተከተላት።

«ስንቁን ግን አሳምሮ ነው የሞተው» አለ ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ። አለኸኝ ይባላል።

«ዝጋ አንተ!» አሉ አያ ይበልጣል። ግን የእሳቸውም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቁ ከጎረምሶቹ ተነሥቶ ወደ ሴቶቹ ደረሰ። ያቺ አጣቢ ብቻ አልሳቀችም።

«ልብሴን ወንዝ ውስጥ ጥዬ መጥቼ! ጥቁር ለብሶ እንዲህ ያለ ቀልድ አለ?»

«ቀልድ አይደለም፣ እታለም። ላድር ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ሜዳ ላይ? ምን ሆነሽ?»

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ይታይሽ ምርኩዛቸውን አነሡ። «እስቲ አንድ ጊዜ ዝም በሉ። ልጄ፣ ጥቁሩንስ ለማን ነው የለበስሽው?»

«ለባለቤቴ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው። እዚህ አብረን ልናድር ነበር።»

እማማ ይታይሽ ለመሄድ ተነሥተው ነበር። መልሰው ተቀመጡ። «እንዲያ ከሆነ በከንቱ አልመጣንም» አሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። ያቺ አጣቢም ልብሷን ረስታ ተቀመጠች።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሉኝ እማማ ይታይሽ።

አመሉን ነገርኳቸው። ድንኳን ከመትከሉ በፊት መሬቱ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ይተኛል። ቀኝ፣ ግራ ይገላበጣል። ካልተመቸው ይነሣና ሌላ ቦታ ይሞክራል። እኔ ሻንጣ ተሸክሜ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

አያ ይበልጣል ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት። «ቆይ፣ ቆይ! ረዘም ያለ፣ ቀይ፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ?»

«አዎ።»

«እሱን ሰውዬማ አውቀዋለሁ! አምና ከዚያ ማዶ ሆኜ ሰው ወድቆ አየሁ። ሞቷል ብዬ እየጮኽኩ ሮጥኩ። አጠገቡ ስደርስ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ፣ ‹አባባ፣ እዚህ ጋ ወደ ራስጌ ያዘነብላል፤ ባለቤቴ ደግሞ ራሷ ዝቅ ካለ እንቅልፍ አይወስዳትም› አይለኝም! ልቤን አፈንድቶ፣ ስለ እንቅልፍ ያወራኛል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። የዚያን ቀን ውሃ ልቀዳ ወንዝ ወርጄ ነበር። እሱም አልነገረኝም። የባለቤቴ ንግግር አልቋል ብዬ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ አንድ ያልሰማሁት ቃል ከማላውቃቸው ሽማግሌ አፍ ወጣ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ እንደ ሕፃን ተንከባሎ ‹ይኼው፣ እዚህ ይሻላታል› አለ።»

«የት ጋ?»

አያ ይበልጣል ተነሥተው ከድንኳኔ ትንሽ ከፍ ብለው ሄዱና በዱላቸው ነካ አደረጉ። ሄጄ በጀርባዬ ተኛሁበት። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። አላፈርኩም። ልክ ነበር። አለኸኝና ጓደኞቹ አስከሬን ሊሸከሙ እንደመጡ፣ ድንኳኔን እንደተተከለ አንሥተው እዚያ አደረሱልኝ።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ክርክሩ መጣ። እቤታችን ታድሪያለሽ አሉ። እምቢ አልኩ። አያ ይበልጣል ተቆጡ። እማማ ይታይሽ ደግሞ «እንግዲያው እኔም አብሬሽ ድንኳኑ ውስጥ አድራለሁ» አሉ። ለማንም ያልነገርኩትን ያን ጊዜ ነገርኳቸው። የእኅቴን ነገር፣ ሞጣን፣ ለራሴ የቆረጥኩትን።

«ዛሬ ብቻዬን ካላደርኩ፣ እማማ፣ ቤቴንም መልቀቄ ነው።»

እማማ ይታይሽ ዞር አሉ። «እውነቷን ነው፤ ተዋት» አሉ ለአያ ይበልጣል። «እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ ልጆቼን ሁሉ ከቤት አስወጥቼ ነው ብቻዬን ማደር የለመድኩት።»

አያ ይበልጣል አልረኩም። «ቢያንስ ውሻዬን ልተውልሽ» ብለው አጠገቤ አስቀመጡትና ሄዱ። ውሻው ዳገቱን ሳይጨርሱ ደረሰባቸው።

«ባዶ ቃሬዛ አሸከማችሁን!» አለ አለኸኝ።

«አርፈህ ሂድ። ቃሬዛ ባዶውን ሲመለስ ነው ደስ የሚለው» አሉት እማማ ይታይሽ።

ሌሊቱን በዝርዝር አልጽፍም። ጅብ ከሩቅ ጮኸ። ፈራሁ። ተነሥቼ ልብሴን ለባበስኩ፤ የአያ ይበልጣል ቤት መብራትም ይታየኝ ነበር። ግን አልሄድኩም። ተመልሼ ተኛሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ማለዳ ያቺ አጣቢ በጣሳ ወተት ይዛ መጣች። ከሩቅ ቆማ «አለሽ?» ብላ ተጣራች።

«አለሁ!» አልኳት።

ወተቱን ጠጥቼ ለእኅቴ ደወልኩላት። ለፋሲካ በእንግድነት እንደምመጣ፣ ከዚያ ግን ወደ ቤቴ እንደምመለስ ነገርኳት። አኩርፋ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። ሙት ዓመቱ ሲያልፍም ጥቁሩን አወለቅሁ።

ያን ቀን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል፤ ወዲያው ግን ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ይናፍቀኛል፤ ያ አልቀነሰም። ፍርሃቱ ግን ቀንሷል።

አሁን በየወሩ፣ መንገዱ ሲፈቅድ፣ ከብቸና ብዙ ሳልርቅ ወጥቼ አንዲት ሌሊት አድራለሁ። ፍራሼን በላስቲክ ነው የምጠቀልለው። ድንኳኔን ከመትከሌ በፊት በአቅራቢያው ወዳለው ቤት ሄጄ ደጁ ላይ እቆምና፣ «ሰው አልሞተም፤ ላድር ነው የመጣሁት» እላለሁ።