ደምሴ የሚባሉ ሁሉ

ልጅ ሳለሁ የሚያስቀናኝ የሌላ ልጅ ጫማ ወይም አሻንጉሊት አልነበረም፤ አያት ነበር። የምንኖረው ከሀርጌሳ ወጣ ብሎ አያሃ በሚባለው ሰፈር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። ያኔ የጎረቤታችን ልጅ ኢፍራህ አጥሩ ሥር እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና የአባቷን፣ የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን ስም ሳትተነፍስ እስከ አሥራ ስድስት ትቆጥር ነበር። አገሩ እንዲህ ነው፤ የሶማሌ ልጅ ከፊደል በፊት አባቶቹን ይማራል። እሷ ስትጨርስ ተራው የእኔ ነው። «መቅደስ ደምሴ» እላለሁ። «ከዚያስ?» ትለኛለች። ከዚያማ ምን አለ! ከዚያ ቆርቆሮው ነው፣ ከቆርቆሮው ወዲያ የሰው ፍየሎች ናቸው።

ደምሴ አባቴ ነው። እኔ ሳልወለድ በበርበራ በኩል ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሰው ነው፤ እናቴ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። የአባቱን ስም ጠይቃው አታውቅም ነበር። ኋላ አድጌ በዚህ ስወቅሳት፣ «እኔ የወደድኩት እሱን ነው፣ አባቱን ነው እንዴ?» አለችኝ። እሷ ቀኑን 26 ጁን በሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ልብስ ስታጥብና ምግብ ስትሠራ ትውላለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቁኝ እዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት ጋሽ ይልማ ነበሩ።

ጋሽ ይልማ ልስን የሚለስኑ ሰው ናቸው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ደግሞም ቁጡ ናቸው! ሻያቸው እስኪፈላ አጠገቡ ብቀመጥ ይቆጣሉ፣ ሳልጠጣ ልሂድ ብል ይብሱን ይቆጣሉ። ከሥራ ሲገቡ ሲሚንቶ የበላውን እጃቸውን በዘይት አሽተው ከሰል ያቀጣጥላሉ፤ መብራት ያኔ ግቢያችን አልገባም ነበርና ፋኖሱን ሚስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ የከሰሉ ጭስ መጀመሪያ ዓይናችንን አስለቅሶ ከዚያ ቀስ እያለ በበሩ ይወጣል፤ ፍሙ ሲቀላ ቅንድባቸው ላይ የቀረው የሲሚንቶ ብናኝ አብሮ ይቀላል። ወሬያቸው የሚጣፍጠው ያኔ ነው።

አንድ ምሽት ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «ጋሽ ይልማ፣ የደምሴ አባት ማነው?»

«ያንን ሰው አታንሺብኝ!» አሉ። «እርጉዝ ጥሎ የሚሄድ ወንድ ምን ስም አለው?» ከዚያ ፊቴን አዩት መሰለኝ፣ ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደምሴ የተባለ ሁሉ ግን እንደሱ ነው ማለት አይደለም። እኔ ስንት ደምሴ አውቃለሁ መሰለሽ! ስንት ጨዋ ደምሴ!»

በዚያው ተጀመረ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በየቀኑ አንድ ደምሴ ይመጣ ነበር። ጋሽ ይልማ ገና ሲጀምሩ ዓይነቱን ይነግሩኛል፤ «ይሄኛው የተቀበረ ነው» ካሉ በእውነት የነበረ ሰው ነው፣ «ይሄኛው የማይሞት ነው» ካሉ ከተረት የመጣ ነው። ሹፌሩ ደምሴ የተቀበረ ነበር። ወንዝ ሞልቶ መኪናው መሐል ሲቆምበት ተሳፋሪውን አንድ በአንድ በጀርባው አሻግሮ ሲያበቃ፣ የአንዲት ባልቴት ዶሮ ቀረች ብሎ ተመለሰ። «ዶሮዋንስ አወጣት?» ስላቸው፣ «አወጣት እንጂ! የተቀበረው በሽምግልናው ነው፣ አትፍሪ» ይሉኛል። ወጌሻው ደምሴም የተቀበረ ነበር፤ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን በሽተኛውን ሰባት ትውልዱን እየቆጠረ ይሰድበዋል፣ ሰውየው በንዴት ሕመሙን ይረሳል። ጋሽ ይልማ ይህን ሕክምና በጣም ያደንቁት ነበር።

እኔ የምወደው ግን የማይሞተውን፣ ጅብና አህያን የዳኘውን ደምሴ ነበር። ጅብ፣ አህያዋ እየጮኸች እንቅልፍ ነሳችኝና በካሳ መልክ ልብላት ብሎ ከሰሰ። ዳኛው ደምሴ ጨነቀው፤ ለጅብ ቢፈርድ ግፍ ነው፣ ለአህያ ቢፈርድ የሚበላው ራሱ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ሰጠ። በቀጠሮው ቀን ሌላ ቀጠሮ ሰጠ። ዛሬ ምስክር ጎደለ፣ ነገ ዝናብ ነው፣ ከነገ ወዲያ በዓል ነው። እንዲህ ሲል ሲል አህያዋ ዕድሜዋን ጠግባ በተኛችበት አረፈች፣ ጅቡም ጥርሱ ረግፎ ክሱን ረሳው። «ፍርድ ቤት ማለት ይሄ ነው!» ይሉና ጋሽ ይልማ ሳል እስኪይዛቸው ይስቃሉ።

«አባቴስ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «የተቀበረ ነው ወይስ የማይሞት?»

በጭራሽ አልተቆጡም፤ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱና፣ «እሱ ገና ያልተነገረ ነው» አሉኝ።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ጉድ መጣብኝ። አስተማሪያችን በስደት ጅጅጋ ያደገ ሰው ነበርና አማርኛው ከእኔ ይሻል ነበር፤ መዓሊን ነበር የምንለው፣ አስተማሪ ማለት ነው። አንድ ረቡዕ ደብተሩን ይዞ መጣና፣ ለፈተና የሚቀመጥ ልጅ ሁሉ በሦስት ስም መመዝገብ አለበት አለን፤ የራሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱ። ሦስት ስም የሌለው አይፈተንም፤ ያልተፈተነ ደግሞ ክፍል ይደግማል። ኢፍራህ አልፋ እኔ ስቀር ታየኝ። ግን ብዙም አልፈራሁም። ምን ያስፈራኛል? አያት ሞልቶኛል!

ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና እንደ ኢፍራህ ሳልተነፍስ ለቀቅኩት። «መቅደስ፣ ደምሴ፣ ሹፌሩ ደምሴ፣ ወጌሻው ደምሴ፣ ጅብ የዳኘው ደምሴ!»

እኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የአባት ስም የአባት ብቻ ነው፣ የዘር መጠሪያ አይደለም፤ ገበያ መሐል «ደምሴ!» ብለው ቢጣሩ የማይተዋወቁ አምስት ሰዎች ዞር ይላሉ። ይህን ግን ያኔ ማን ነገረኝ? የኢፍራህ አባቶች እጅ ለእጅ የተያያዙ ስለነበሩ የእኔም ደምሴዎች እንደዚያው የተያያዙ መስሎኝ ነበር።

መዓሊን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ደምሴ የደምሴ ልጅ፣ እሱም የደምሴ ልጅ? ወላሂ፣ እናንተ አገር ስም አለቀ እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢፍራህ እንኳ ሳቀች፣ ያውም ከሁሉ አብልጣ። መዓሊን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳቁን አስቁሞ፣ «እስከ ቅዳሜ የእውነተኛውን አያትሽን ስም ይዘሽ ነይ» አለኝ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነበር የምመርጠው።

ያን ምሽት እፍሙ ዳር አልሄድኩም። ጋሽ ይልማ ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ ሳልመጣ ስቀር በራችን ድረስ መጡ። ያን ጊዜ ነው ከአንድ ልጅ አፍ የማይወጣው ቃል የወጣኝ። «ውሸታም!» አልኳቸው። እናቴ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ልትመታኝ እጇን ስታነሳ፣ «ተያት!» ብለው ጮኹባት። ከዚያ በለቅሶ እየተቆራረጥኩ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እናቴ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች፤ የደምሴን አባት ስም እንደማታውቀው፣ የሚያውቅ ሰውም እንደሌላት ነገረቻቸው። ጋሽ ይልማ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ሐሙስም ዓርብም ከሰል አላቀጣጠሉም። ኡፍ፣ የእነዚያን ሁለት ቀናት ጸጥታ ዛሬም አልወደውም።

ቅዳሜ ጠዋት ኮት ለብሰው ወጡ። ኮት እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር። «ቅደሚ» አሉኝ። ትምህርት ቤት ስንደርስ ቆባቸውን አውልቀው መዓሊን ፊት ቆሙ።

«እርስዎ ምኗ ነዎት?» አላቸው።

«አያቷ ነኝ።»

«በእናት ወይስ በአባት?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በእናት ቢሉ ስሙ አይጠቅመኝም ነበር። በአባት ካሉ ደግሞ ያንን ሰው፣ ስሙ እንዳይነሳባቸው የሚሹትን፣ አንድ ቀን እንኳ ያላዩትን ሰው ልጄ ነው ማለታቸው ነው። 

«በአባት» አሉ።

«ደምሴ ልጅዎ ነው?»

«ልጄ ነው። የማይረባ ልጅ ነው እንጂ፣ ልጄስ ልጄ ነው!»

መዓሊን አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። ሰፈሩ ትንሽ ነው፣ ማን የማን እንደሆነ ሳያውቅ አይቀርም። እስክሪብቶውን አነሳና ጮክ ብሎ እየተናገረ ጻፈው፦ «መቅደስ ደምሴ ይልማ።» በመመለሻችን እጃቸውን ያዝኩ፤ እንደ ወንፊት ሻካራ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ ልላቸው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። እሳቸው ግን፣ «አሁን ክፍል ብትደግሚ ስሜን ነው የምታሰድቢው!» ብለው ተቆጡኝና በጣም ደስ አለኝ።

ያን ምሽት እናቴም አብራን ተቀመጠች። ጋሽ ይልማ ፍሙን ቆስቁሰው፣ «እንግዲህ የልጄን የደምሴን ነገር ላውራችሁ» ብለው ጀመሩ። ሰባት ዓመቱ ሳለ የጎረቤት ማር ሰርቆ፣ ጉንዳን እየተከተለው ቤቱ ድረስ አጋለጠው። የሚገርፉት መስሎት ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ መውረድ አቅቶት፣ አባቱን እየተጣራ አለቀሰ። «ታዲያ ምን አደረጉት?» አልኩ። «ምን አደርገዋለሁ፣ ወጥቼ አወረድኩት!» አሉ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቅ ነበር፤ ያ ስም ሲነሳ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እውነት ነው፣ ከፍታ ይፈራ ነበር» አለች። ስለ አባቴ አንድ ነገር ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዛሬ መሐል ሀርጌሳ አንድ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው በሦስት ስሙ ስጠራ እውላለሁ። ከነዚያ ምሽቶች ምን ቀረሽ ብባል፣ ሹፌሩም ዳኛውም አሉ፣ ግን ከሁሉ የቀረልኝ ያ ዛፍ ላይ ሆኖ የሚያለቅሰው ልጅ ነው። እሱን እያሰቡ አባትን መጥላት አይቻልም። ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከማላውቀው የውጭ ቁጥር አንድ ሰው፣ ቁጥሬን ከሰው አፈላልጎ፣ ደወለልኝ። «ደምሴ ነኝ» አለ፤ አባትሽ ነኝ ለማለት ያፈረ ይመስለኛል። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ይላል? እኔ፣ «የአባትህ ስም ማነው?» አልኩት። «ወልዴ» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን የፈለግኩት ስም በአንድ ትንፋሽ መጣ፤ እኔ ግን የሰማሁት እንደማንም ሰው ስም ነበር።

በባጃጅ አያሃ ሄድኩ። ጋሽ ይልማ ያኔ ሥራ ትተው ነበር፣ ዓይናቸውም ደክሞ ነበር። «ጋሽ ይልማ፣ ልጅዎ ደወለ» አልኳቸው። የወልዴን ስም ለማንሳት አፌን ስከፍት፣ «ደህና ነው?» አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። «ተመስገን። ደህና ከሆነማ እኔ ነኝ የምናገረው! ሲደውል ስጪኝ።» ያን ስም ሳልናገረው ቀረሁ፤ ወረቀቶቼም ሁሉ ዛሬም «መቅደስ ደምሴ ይልማ» እንዳሉ ናቸው።

በተከታዩ ዓርብ እሳቸው ዘንድ ተቀምጬ ሳለ ደወለ፤ ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ሰጠኋቸው።

«ማን ልበል?» አለ።

«አባትህ ነኝ!» አሉት። ደግሞ ምንም ሳያስረዱት ስድቡን ጀመሩ። የትኛው አገር ነው ስልክ የሌለው? ልጅ ጥሎ መሄድ ከማን ተማርክ? ልጅቷ እንደሁ አድጋለች፣ ተምራለች፣ ሰው ሆናለች፤ ስንት ዓመት ስጠብቅህ! አንተስ እዚያ ሆነህ ማን ያበስልልሃል? ስትታመም ማን ያስታምምሃል?

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ ያ ጎልማሳ ድምፅ እንደ ልጅ ሆኖ፣ «እሺ፣ አባባ» አለ።