የሰባተኛው ጉድጓድ ምስክር

አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ኩሺዳ ሺዙኖ በናጋኖ ተራራ ላይ ባለው የጎልፍ ክለባችን ሠላሳ አንድ ዓመት ካዲ ሆና የተጫዋቾችን ዱላ ተሸክማለች። ነጭ ኮፍያዋን አገጯ ሥር አስራ፣ ሀብታሞቹ የቦጨቁትን ሣር በአሸዋ እየደፈነች ዳገቱን ስትወጣ፣ በዐሥር ዓመት የማንሳት የሥራ ባልደረባዋ እኔ ከኋላ አለከልካለሁ። ኳስ ሲጠፋ "እዚያ ጋ ናት" ካለች እዚያ ጋ ናት። ከቃሏ ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም።

ሰባተኛው ጉድጓድ ከገደሉ ሥር ስለሆነ ከላይ የሚመታው ሰው አያየውም። አንዳችን ቀድመን ወርደን ኳሷ የት እንዳረፈች እናያለን። ያን ቀን የወረደችው ሺዙኖ ነበረች፤ የመታው ደግሞ አኩትሱ የሚባል የኩባንያ ፕሬዚዳንት። ኳሷ ጉድጓዱ ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። አብሯት የወረደው የአኩትሱ ሠራተኛ፣ ያ አሽቃባጭ፣ በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ ከተታትና "በአንድ ምት ገባች!" ብሎ ጮኸ።

እኛ ጋ በአንድ ምት ያስገባ ሰው ይደግሳል፣ ስጦታ ያድላል፣ ሜዳው ላይም በስሙ ዛፍ ይተከልለታል። ግን መጀመሪያ ያየችው ካዲ የምስክር ወረቀቱ ላይ፣ በፊርማ ፋንታ፣ የስሟን ማኅተም መምታት አለባት።

"አልመታም" አለች ሺዙኖ።

ሥራ አስኪያጁ ኔዙ ቢሮ አስጠራት። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

"ኩሺዳ ሳን፣ እባክዎ አያስቸግሩን። አንድ ስንዝር ምን አላት?"

"በዓይኔ አይቻታለኋ!"

"እንግዳችንን ሊያሳፍሩ ነው?"

"የዋሸው ይፈር! እኔ ምን አድርጌ?"

ኔዙ ማኅተም ያልተመታበትን ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ከተተ። መፍራት የነበረብን ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት የሥራ መግቢያ መዝገብ ላይ የምንመታቸው ማኅተሞቻችን እዚያው ቢሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድሩት። በየቀኑ ይዞ መመላለስ ሰልችቶን እኛው ነን የተውናቸው። ሞኞች!

በወሩ ጥድ ተተከለ። ከሥሩ የቆመው ድንጋይ ላይ "አኩትሱ፣ በአንድ ምት። ምስክር፦ ኩሺዳ ሺዙኖ" ተብሎ ተቀርጿል።

ሺዙኖ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። "ስሜን! እነዚህ ሌቦች ስሜን ሰረቁኝ!"

እኔ ድንጋዩን ልነቅል አካፋ አነሳሁ። ክንዴን ያዘችኝ።

"ተዪው። ይቆይ።"

ከማግስቱ ጀምሮ ይዛ የምትዞራቸው እንግዶች ሰባተኛው ጋ ሲደርሱ፣ ጥዱ ፊት ታቆማቸውና በትሕትና ጎንበስ ትላለች። "ይህ ዛፍ የተተከለው በውሸት ነው። ኳሷ ይህን ያህል ሲቀራት ቆማ ነበር፤ በጫማ ነው የገባችው" ትላቸዋለች፣ ስንዝሯን ዘርግታ እያሳየች።

ኔዙ ሲነገረው ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ። "ኩሺዳ ሳን! ምን እያደረጉ ነው? አብደዋል እንዴ?"

በአሸዋ በቆሸሸው ጣቷ ድንጋዩን አሳየችው።

"ምስክር ናት ብላችሁ ጽፋችኋል። እየመሰከርኩ ነው።"